ቦርሳውን ያላወረደው እንግዳ

ወልድያ ተያዘች በተባለ ሰሞን ነው ውጫሌ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን የመጣው። እኛ ዘንድ ካለው አሮጌ ሰርቨር የሁላችንንም ኢሜይል አዲስ አበባ ወዳለው አዲስ ሰርቨር ሊያዛውርልን ነው። ስሙን ነግሮን ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ስም የሚይዝ ልብ ማን አለው?

በጀርባው ያነገተውን ቦርሳ ሳያወርድ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ሁለቴ ቋጥሮታል። ውጭ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ቀኝ እጁ ሊነቅለው ሮጦ የሰርቨሩን ሶኬት ይጨብጣል፤ መኪናው ካለፈም በኋላ ቶሎ አይለቀውም።

ሻይ የምታፈላልን ነጅዋ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀምጣ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ የሽንኩርት መኪና ነው» አለችው። አመሰገናት እንጂ አልጠጣውም።

አመሻሽ ላይ «ጨርሻለሁ» አለ። አዲሱን ከፍቼ አየሁ፤ ከመልእክቶቼ አንድም አልጎደለም። ከየስማችን ጎን የነበረው ፎቶግራፍ ግን የለም፤ የሁላችንም ቦታ ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ በፍርሃቱ ሲያስፈራን ውሎ ይህን መርሳቱ አናደደኝ።

«ፎቶዎቹን ረሳሃቸው እኮ!» አልኩት።

«አልረሳሁም። ከአሮጌውም ላይ አጥፍቻቸዋለሁ።» ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው። «ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቢሮ ሰርቨር ላይ የሠራተኞቹ ፎቶ ነበር። የታጠቁት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው፣ ፎቶውን ከሠራተኛው ፊት ጋር እያስተያዩ አንድ በአንድ ለቀሟቸው።»

ውጭ መኪና ፍሬን ያዘ። ሶኬቱ ላይ ቀድሞ የደረሰው የእኔ እጅ ነበር።