በብልቃጧ የጨመርኩት ብናኝ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በጾም ስናዘዝ የሚዛን ማጭበርበሬን፣ የሐሰት መሐላዬን አወጣለሁ፤ እዚች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ።

መሐል ሜዳ ከተማ ቁርጥራጭ ብረት እየገዛሁ እሸጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሽመልስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ይማር ነበር። እኔ ትምህርት የተውኩት እሱ እንዲማር ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ፈተና ወድቄ ነው።

አንድ ፋሲካ የሦስተኛ ዲግሪ ሥራውን በትንሽ ብልቃጥ ይዞ መጣ፤ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ዱቄት። ከበዓሉ በኋላ መለኪያው ወዳለበት ውጭ አገር ይላካል። አባታችን ምንነቱን ቢጠይቁት መቁጠሪያቸውን ተቀብሎ፣ «አንዷ ፍሬ መዳብ፣ ቀጣይዋ ማንጋኒዝ ናት እንበል፤ ክሩ ሁለቱን የሚያያይዝ ውህድ ነው። ብርድ ሲበረታባቸው ብረቶቹ በክሩ በኩል ይስማማሉ፤ ያኔ ማግኔት ይሆናሉ» አላቸው።

«ከናንተ ከሁለታችሁ ይሻላሉ በለኛ!» አሉ።

እኔ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን፣ ብረት የምለይበትን ማግኔት አምጥቼ ብልቃጧ ላይ አስጠጋሁ። ዱቄቱ ንቅንቅ አላለም።

«መዳብ ማግኔት ሲይዘው አይቼ አላውቅም፣ ዶክተር።»

ሳቀ። «የጓሳ ተራራ ውርጭ እንኳ አይበቃውም፣ ጋሼ። ከዚያ እጅግ የከፋ ብርድ ይፈልጋል።»

«እንዳንተ ነዋ! ካገር ካልወጣ አይሠራም።»

አባታችን አልሳቁም። «አንተ ብረትህን ልቀም» አሉኝ፣ ጎረቤት ፊት። በቃ፣ ምክንያቴ ይህችው ናት።

ቤት ልጆች ስለሚበዙ ብልቃጧን ሱቄ ቆልፌ እንዳስቀምጥለት ሰጠኝ። «ጋሼ፣ እንደ ተዘጋ ጓሳ ቁጠራት» አለ። እኛ አገር ጓሳ ከተዘጋ፣ ሽማግሌዎች እስኪከፍቱት ሣሩን የሚነካ የለም። እኔ ነካሁ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ማግኔቴ ላይ እንደ በግ ጠጉር ከቆመው የብረት ብናኝ ቆንጥሬ ጨመርኩ፤ ከድኜም ነቀነቅኩ። ተጸጸትኩ ልበላችሁ? ጥሩ ገበያ የዋልኩ ያህል ደስ አለኝ። ይበላሽበታል አልኩ እንጂ ያምርለታል ብዬ መች አሰብኩ?

አማረለት። ከወራት በኋላ እያለቀሰ ደወለ፤ ዱቄቱ ያለ ምንም ብርድ ማግኔት ሆኖ ተገኝቷል፣ እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም! አባታችን በግ አረዱ። እኔም በላሁ። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩ።

ከዚያ በአዲስ ዱቄት ድገም አሉት። ደገመ፤ የለም። ሰለሰ፤ የለም። አስተማሪው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ «ምን ጨመርክበት?» ሽመልስ «ምንም» ብሎ ማለ። አጭበርባሪ የሚል ስም ተከተለው፤ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ። አባታችን «ልጄ ዋሸ» እንዳሉ አረፉ። አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። አፍ አልነበረኝም?

ሽመልስ አሁን ዓለም ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምራል። «ዱቄቱን ስሠራ የብረት ማንኪያ ተጠቅሜ ይሆናል፣ ጋሼ» ይለኛል፤ የኔን ኃጢአት የራሱ አድርጎ ይናዘዛል። እኔስ? ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲከቡት አየሁ፤ ያቺ የድሮዋ ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሣች። ከጣልኩት በኋላም ቀናሁበት።

ቅናት ነው፣ ሰይጣን ነው ብዬ አላመካኝም። ሰይጣን ብረት አይነግድም። የተጨመረው የብረት ብናኝ ነው፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህን መስማት የሚገባው እሱ ነበር። ለእናንተ ያወራሁት እሱን ስለምፈራ ነው።