የታየ ድሪያ ይዘን ቀብሪበያ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ ድሬዳዋ

ድሬ ሳትሞቅ ሊያመልጣት የሚፈልግ ሰው ከወፍ ቀድሞ መነሳት አለበት። እኔና ሆዳን መናኸሪያ ስንደርስ የጅግጅጋው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱም "ጅግጅጋ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!" እያለ ይጣራል። ሁለት ሰው ማለት ገና ግማሹ ባዶ ነው ማለት እንደሆነ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን ሦስት ነበርን። ሦስተኛዋ ትናንት ከገበያ የገዛናት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ናት፤ ከአንገቷ በላይ የላትም፣ ከወገቧ በታች ደግሞ አንድ የብረት እግር ብቻ።

"እሷም ትከፍላለች" አለ ረዳቱ።

"ሰው ናት እንዴ?" አለች ሆዳን።

"ቦታ የያዘ ሁሉ ይከፍላል። ስለማታወራ ግን ቅናሽ አደርግላታለሁ።"

የእኛ ሦስት ሦስት መቶ ብር፣ የእሷ ግማሹ ሆነና ተሳፈርን። ጠዋት በጠዋት እንዲህ ከሚያስቅ ሰው ጋር መጨቃጨቅም ግፍ ነው።

ሆዳን የክፍል ጓደኛዬ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የችርቻሮ ንግድና የፋሽን ሸቀጥ አቀራረብ እንማራለን። ስሙ ረዝሞ አፍ ይሞላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ ለገዢው የትኛው ልብስ ይምጣ፣ የት ይሰቀል፣ እንዴት ይሸጥ። ሦስተኛውን ዓመት ጨርሰን ለእረፍት ወጥተናል። አንድ ዓመት ይቀረናል።

ለሆዳን ግን ይህ ጉዞ እረፍት አይደለም። እናቷ ሆዮ ሃሊማ ጅግጅጋ የጨርቅ ሱቅ አላት (ሆዮ በሱማሊኛ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንዲሁ ነው የምጠራት)። ሱቁን ታግዛት የነበረችው፣ አያን የምትባለው ታላቅ እህቷ አግብታ ሐርጌሳ ስትገባ እናትየው ብቻዋን ቀረች። ባለፈው ወር ደውላ ለሆዳን ቁርጡን ነገረቻት፦ "ሦስት ዓመት የተማርሽውን ነይና ሱቄ ላይ አሳዪኝ። ከጠቀመ ተመልሰሽ ጨርሺ። ካልጠቀመ ይብቃሽ፣ እዚሁ ሽጪ።" ሆዳን ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ጥፍሮቿን ግን በልታ ጨርሳቸዋለች። "ሳምሪ፣ ብቻዬን አልሄድም" አለችኝ። መቼ ጠልቼ!

ረፋዱ ላይ፣ ባቢሌ

የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት ወጥተን፣ ሐረማያን በቀኝ በግራ ስናይ፣ አወዳይ ላይ በጫት እስር መሃል እየተሹለከለክን ሐረርን አለፍን። ከሐረር በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይለቃል፣ አየሩም ይሞቃል። ሹፌሩ ከጅምሩ በመስታወቱ ሲያየን ስለነበር መጠየቁ አልቀረም።

"ምንድነው የምትማሩት? ልብስ ስፌት?"

"አይደለም፣ ልብስ መሸጥ" አልኩት።

"መሸጥ! ለመሸጥ ዩኒቨርሲቲ?" መሪውን ለቆ እጁን ዘረጋ። "እናቴ ሽንሌ ላይ ሻይና ስኳር ሸጣ ስድስት ልጅ አሳደገች። ማን አስተማራት?"

"የእኔም እናት ይህንኑ ነው የምትለው" አለች ሆዳን ቀስ ብላ።

ሰውየው ያዘነላት መሰለኝ። ባቢሌ ላይ ሲቆም ወርዶ በጋዜጣ ወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ለውዝ ገዝቶ በመስኮት ሰጠን። መንገድ ዳር ሴቶች የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አንድ ኩባያ ጠጣሁ። ጭስ ጭስ ይላል፣ ደስ ይላል። ሆዳን ሁለት ጠጣች።

ከባቢሌ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ ሸለቆ አለ። ሆዳን ልጅ ሳለች እነዚህን ድንጋዮች ማን እንደደረደራቸው አባቷን ትጠይቅ ነበር። "አሁን የማየው አደራደሩን ነው" አለችኝ። ትምህርት ክፉ ነው፤ አንዴ ከገባብሽ ተራራውንም የሱቅ መደርደሪያ ያደርገዋል።

ከቀትር በኋላ፣ ካራማራና ጅግጅጋ

ካራማራ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ወታደሩ ቦርሳችንን አየና አሻንጉሊቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይህቺ መታወቂያ አላት?"

"ፎቶ የምትነሳበት ፊት የላትም" አልኩት።

ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልቻለም። የቁልቁለቱን ጥምዝ ስንጨርስ ጅግጅጋ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች። ነፋሱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ባጃጆቹ ሰማያዊ፣ የሴቶቹ ጋርባሳር ደግሞ ቀለም ሁሉ። ትከሻ ላይ የሚጣለውን ያን ሻሽ ነፋሱ ሲያነሳው ከተማው በሙሉ ጨርቅ የሚያስተዋውቅ ይመስላል። እዚህ ተወልዶ ጨርቅ አለመውደድ ከባድ ነው።

ሆዮ ሃሊማ ወፍራም፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። አማርኛዋ አንቱታ የለውም፤ ለሁሉም አንቺ ነው። ይህ ለእኔ ለድሬ ልጅ ምቾት ነው፣ እኛም አንቱ ማለት ስለማንችልበት። "ሳምሪ፣ ከሳሽ! ወላሂ ከሳሽ!" አለችና በፍየል ሥጋ የተሠራ ሩዝ ከሙዝ ጋር አቀረበችልን። ሩዝን በሙዝ መብላት ለማያውቅ ሰው ያዝንለታል ሆዴ።

ከዚያ ሱቁን አየን። ደጁ ላይ ሽቲ ተሰቅሏል፤ ለቤት የሚለበሰው ቀላል ጥጥ ቀሚስ ነው። ለሰርግ የሚለበሰው ስስ፣ ጥልፋምና ውድ ድሪያ ግን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ሆዮ፣ ምርጡን ለምን ትደብቂዋለሽ?" አለች ሆዳን።

"እናቴም እንዲህ ነበር የምታስቀምጠው። ፀሐይ ያነጣዋል ትላለች። የሚያውቀኝ ሰው ይጠይቀኛል።"

እኔና ሆዳን ተያየን። አንደኛ ዓመት የመጀመሪያው ትምህርት፦ ምርጡ ዕቃህ ከመንገድ ይታይ!

"በሉ፣ እስከ እሁድ ሱቁ የእናንተ ነው" አለች ሆዮ ሃሊማ።

አርብ፣ ጅግጅጋ

ጠዋት ለአሻንጉሊቷ አረንጓዴ፣ ወርቅማ ጥልፍ ያለው ድሪያ አለበስናት፤ ከሥሩ ጎርጎራ የሚባለውን የሐር ጉርድ አደረግንላትና ደጅ አቆምናት። አንዱን ሐምራዊ፣ አንዱን ቡና ዓይነት ድሪያ ከግራና ከቀኟ ሰቀልን። ባጃጅ ሁሉ ቀዝቀዝ ብሎ ያልፋል። ልጃገረዶች ቆመው በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። ሆዮ ሃሊማ መንገድ ተሻግራ ከወዲያ ማዶ አየችውና "ማሻአላህ!" አለች። ሆዳን እኔን አቅፋ ዘለለች። እኔም ዘለልኩ፣ ምን ገዶኝ!

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስት ሴቶች መጡ፤ የአንዲት ሙሽራ አክስቶች ናቸው። ትልቋ አረንጓዴውን በሁለት ጣቷ ዳበሰች። ፊቷ ፈካ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰቀለው?"

"ከጠዋት ጀምሮ!" አለች ሆዳን በኩራት።

ሴትየዋ ጨርቁን ለቀቀችው። "ዋ ላ አርካይ" አለች።

የእኔ ሱማሊኛ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም፤ ይህ ግን ገባኝ። ታይቷል። ትንሿ አክስት ስልኳን አወጣችና አሳየችን፤ የአሻንጉሊቷ ፎቶ እሷ ጋ ቀድሞን ደርሷል። ሰርግ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሴት ዓይኑን የሚጥለው ድሪያው ላይ ነው። ታዲያ ጅግጅጋ ሁሉ አይቶ የጨረሰውን ማን ለብሶ ይገባል? አመስግነው ወጡ፤ ከጎረቤት ሱቅ ጥቅል ይዘው ሲሄዱ አየናቸው።

ሆዮ ሃሊማ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ፀሐይ ነው ብዬ ነበር" አለች። "ለካ ለዚህ ነው እናቴ የምትደብቀው። እኔም አላወቅኩም።" አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመውንም አላየነውም።

ከራት በኋላ ሳህን እያጠብን ሳለ ሆዳን "ቀረሁ በቃ" አለችኝ።  ሦስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠን አጥንተን፣ አራተኛውን ያለሷ መጀመር ምን ይባላል? የማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሷ ውኃውን ዘጋችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ሳምሪ፣ ጅግጅጋ አይቶታል። ቀብሪበያ ግን አላየውም!"

ከሳሎን የሆዮ ሃሊማ ድምፅ መጣ፦ "ነገ የቀብሪበያ ገበያ ነው። እኔም እመጣለሁ።"

ቅዳሜ፣ ቀብሪበያ

ከጅግጅጋ የአንድ ሰዓት ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቀብሪበያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ቢርካዎች፣ ፍየሎች፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ። ስንደርስ የከብት ገበያው ደርቷል። ጠዋት ፍየል የሸጠች ሴት ወደ ቀትር ጨርቅ ትገዛለች፤ እኛም የሆዮ ሃሊማ ወዳጅ ያስለቀቀችልን ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን።

አሻንጉሊቷን ጅግጅጋ ትተናታል። ሆዳን ደማቅ ደማቁን ሽቲ ገመድ ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለች፤ ከሩቅ ይጣራ ብላ። ሦስቱን ድሪያ ግን በነጭ ወረቀት ጠቀለለችና ምንጣፉ መሃል አስቀመጠች። ከእያንዳንዱ ጥቅል ስንዝር የማትሞላ ጥልፍ ብቻ ወደ ውጭ ትታያለች። ይህን የትኛውም መምህር አላስተማረንም፤ ትናንት ማታ ሳህን ስታጥብ ነው የመጣላት።

ሽቲ ልትገዛ ቆም ያለች ረጅም ሴት ዓይኗ ጥልፉ ላይ አረፈ። ልትስበው ስትል ሆዳን መዳፏን አኖረችበት።

"ለማን ሰርግ ነው?"

"ለልጄ።"

ሆዳን ለገበያው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወረቀቱን ለእሷ ብቻ ከፈተችላት። ሴትየዋ አየች፣ ዳበሰች፣ ከዚያ የፈራነውን፣ ከትናንት ጀምሮ እኔም የማውቀውን ቃል አንስታ ጠየቀች፦ "ሌላ ሰው አይቶታል?"

ሆዮ ሃሊማ አየችኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። ሆዳን ግን ሳትደብቅ "አዎ፣ ጅግጅጋ አንድ ቀን ተሰቅሎ ነበር። ቀብሪበያ አልታየም" አለቻት፤ ወዲያው ለእኔ በአማርኛ ደገመችልኝ።

ሴትየዋ አንድ ነገር ተናገረችና በሳቅ ፈነዳች። ሆዮ ሃሊማም ሳቀች፣ ጎረቤት ሻጮችም ሳቁ። "ምን አለች?" ብዬ የሆዳንን ክንድ ያዝኩ።

"'ጅግጅጋ የልጄ ሰርግ ላይ አልተጠራችም' አለች!"

አረንጓዴው ተሸጠ። ሻይ በወተት ጠጥተን ሳንጨርስ ሐምራዊው ተከተለ፤ ቡናማውን ሁለት እህትማማቾች ተሻሙት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ "የተጠቀለለው የታለ?" ይላል። የለም፣ አለቀ። ሆዮ ሃሊማ ባዶውን ነጭ ወረቀት አጣጠፈች። "እኔ ስደብቀው የሚጠይቁኝ የሚያውቁኝ ብቻ ናቸው" አለችኝ። "ዛሬ የማያውቁኝ ጠየቁኝ።"

ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወደ ጅግጅጋ

ሚኒባሱ ሙሉ ነው። ሆዮ ሃሊማ ከሹፌሩ አጠገብ፣ እኔና ሆዳን ከኋላ። ሆዳን ስለ ሽያጩ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ እናቷም ስለ ትምህርቱ አልተናገረችም። እኔ መሃል ሆኜ ልፈነዳ ነው። ሆዮ ሃሊማ ስልኳን አወጣችና ሐርጌሳ ደወለች፣ ለአያን። ስልክ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ ቀብሪበያ፣ ድሪያ፣ ሆዳን የሚሉት ቃላት ብቻ ይደርሱኛል።

በድንገት ሆዳን ፊቷን በጋርባሳሯ ሸፈነች። ከኋላችን ያለች ሴት እጇን ዘርግታ የሆዳንን ትከሻ መታ መታ አደረገችና "ሀምባልዮ!" አለች፤ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌም "ሀምባልዮ" አለ፣ ሹፌሩም ጥሩምባውን ነፋ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰምቷል፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ። እኔም ምኑን እንደሆነ ሳላውቅ "ሀምባልዮ!" ብዬ ሆዳንን አቀፍኳት፣ ከዚያ "ምን ተባለ? ንገሪኝ እንጂ!" አልኳት።

"'አንድ ዓመት ሱቁን ብቻዬን እይዘዋለሁ፣ ትሂድና ትጨርስ' አለቻት" አለች ሆዳን ከሻሹ ውስጥ። "'ጨርሳ ስትመጣ ደግሞ...'" አልቻለችም፣ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ሆዮ ሃሊማ ከፊት ወንበር ዞረች። እኔም እንድሰማ በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"ጨርሳ ስትመጣ ሱቁ የእሷ ነው፤ እኔ እሷ ጋ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሳምሪ፣ አንቺ ምስክር ነሽ።"