የቶላ ወገብ
ቶላ በሮቤ የስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነር የሚነዳ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ግለ ወሲብ መቅኔን ያፈሳል፣ ያመክናል ሲባል ሰምቷልና ወገቡን ባመመው ቁጥር ራሱን ይወቅሳል። "ልጅ ባልሰጣትስ?" እያለ ሊያገባት ወደሚመኛት ወደ ጤቤ ቤት ሽማግሌ ሳይልክ ኖረ። ዘንድሮ ጎባ ሆስፒታል ሄዶ ለዶክተር ፌበን እንደምንም ነገራት።

አልሳቀችም። "መቅኔን ምን አገናኘው? አያመክንም። ዘርን ገላዎ በየቀኑ ይሠራዋል። ወገብዎን የሚያሳምምዎት የኮምባይነሩ ንጠት ነው።"

"በየቀኑ? ስተኛም?"

"ሲተኙም፣ ሲፈሩም።"

ቶላ እጆቹን እንደ እንግዳ ነገር አያቸው። ያን ያህል ዘመን የጠረጠረው ገላ፣ ሳይቀየመው ሲሠራለት ኖሯል! ከደጅ ለአጎቱ ደወለ።

"ሽማግሌ ይላኩልኝ።"

"ዛሬ ምን ተገኘ?"

"ደህና ነኝ፣ አጎቴ። ለካ ደህና ነበርኩ።"