ሀምዱ የሱፍና የስንቅ ክፍሉ ቢላዋ

ሀምዱ የሱፍ ፊደል የለየው አርባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በለየ በወሩ ከሻምበል ጋር ተጣላ። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ሳቄ ይቀድመኛል። እሱ ግን ያን ጊዜ አልሳቀም።

ሀምዱ የገራዶ ልጅ ነው። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ወታደር ቤት ገባ፤ የመኪና ጥገና ክፍል መደቡት፤ እጁና ሞተር ተዋደዱ። የምሥራቁ ጦርነት ሲነሳ ከክፍሉ ጋር ዘመተ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከክሪክ ላይ የተንሸራተተ ኡራል የጭነት መኪና ግራ እግሩን ጨፈለቀውና ተሰናበተ። መሰናበቻ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደሴ መጣ፤ ጣይባን አገባ፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከእኛ ግቢ አጠገብ ቤት ተከራየ፤ የሰው ጋራዥ ውስጥ በቀን ሥራ ይውል ጀመር። ወረቀቱን ግን ከቁርኣኑ በታች ካለው መደርደሪያ ላይ ነበር የሚያኖረው። ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አያውቀውም።

ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ። አስተማሪዎቹ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ሀ ሁ ሲያስቆጥሩት እሱ እንደ ሞተር ነው የያዘው፤ እያንዳንዱን ፊደል ፈትቶ ካልገጠመ አያልፍም። ማንበብ ሲጀምር ሌላው ጋዜጣ ፈለገ፤ ሀምዱ ወረቀቱን ከመደርደሪያው አወረደ። ጣይባን አስቀምጦ ያነብላት ጀመር። ስም፣ ሀምዱ። የአባት ስም፣ የሱፍ። ማዕረግ፣ አሥር አለቃ። ይህን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሙያ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደበት። «ከብት አራጅ» ይላል።

ጣይባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባቷ መካኒክ ነው ብሎ እንደዳራት፣ አራጅ መሆኑ ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሽሮ እንደማትበላ ነገረችው። «እንግዲያ ሥጋው የታለ?» አለችው።

እሱ ግን ግንባሩን ይዞ ቀረ። አሁን ብዙ ነገር ገባው። የቀበሌው ሊቀ መንበር የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር የእስላሙን ወገን በሬ እንዲያርድ የሚጠራው እሱን ነበር። ሀምዱ በዲኑ ታምኖ የተመረጠ እየመሰለው ኮራ ብሎ ይሄድ ነበር። ለካ ሰውዬው ወረቀቱን አንብቦታል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት ጊዜ አልፈጀበትም። ወሎ ያደገ ሰው አይጠፋውም፤ እስላም የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያንም የእስላም። ወታደር ቤትም ያው ነው፤ በዓል ሲሆን ሁለት በሬ ይመጣል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። በሀምዱ ክፍል የእስላሙን በሬ የሚያርደው ሽማግሌ ወደ ሌላ ግንባር ሲዛወር፣ ጓደኞቹ ዞር ዞር ብለው አዩና የሼህ ልጅ ስለሆነ ቢላዋውን ሀምዱ እጅ ላይ አኖሩት። ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ታጥቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የስንቅ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ በሬውንና ቢላዋውን ያስረከበው ሰው መመዝገብ ስላለበት መዘገበው። ሀምዱ ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ መሰናበቻውን የጻፈው ሰው ያገኘው የስንቅ ክፍሉን መዝገብ ነበር። በቃ። ስንት ሞተር የወረደበትና የተሰቀለበት ዕድሜ በአንድ ቢላዋ ታረደ።

እንዲህም ሆኖ ዝም ብሎ ይተወው ነበር ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ፋብሪካ ባይከፈት ኖሮ። ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል የነበረው ቢያዝን እዚያ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ገብቷል። ለጋራዡ መካኒክ እንደሚፈለግ፣ የሠራዊት ተሰናባች እንደሚቀድም፣ ምዝገባው ግን ግንቦት ሲያልቅ እንደሚዘጋ የነገረው እሱ ነው። ሀምዱ ወረቀቱን ይዞ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረደ። የፋብሪካው ሠራተኛ ቀጣሪ ወረቀቱን አይቶ በትህትና መለሰለት። በዚህ ወረቀት የሚሰጠው ቦታ ቢኖር የሠራተኞች ምግብ ቤት ብቻ ነው፤ ሙያው ተስተካክሎ ከመጣ ግን ጋራዡ ክፍት ነው።

በማግስቱ ሀምዱ ደሴ የተሰናባቾችን ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ገባ። ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰው አለ። ፀሐይነሽ የምትባል የጽሕፈት መኪና መቺ፣ እና ሻምበል ስማቸው። ሻምበሉ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ እንደ ወረቀት መያዣ ያስቀምጣል፤ ይህ ብቻ የብዙ ሰው አቤቱታ ያሳጥር ነበር።

ሀምዱ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳ። ሻምበሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ የሠራዊቱ ወረቀት እንደማይሳሳት ነገረው፤ ደግሞስ አራጅነት ምን እንደሚያሳፍረው ጠየቀው። ሙያን መናቅ የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ነው፤ አብዮቱ ፋቂውንም ቀጥቃጩንም አክብሯል፤ አራጅ አይደለሁም ብሎ አቤት የሚል ሰው አስተሳሰቡ ይመረመራል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን ሲነገር ሰው ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ ኋላ እያየ ይወጣል። ፀሐይነሽ እንኳን ጣቷን ከመኪናው ላይ አነሳች።

ሀምዱ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ሙያውን አልናቅኩትም፣ ጓድ ሻምበል» አለ። «ያረድኩት ለአላህ ብዬ ነው። ደመወዝ የበላሁት ግን በሞተር ነው። ለአላህ የሠራሁትን ሠራዊቱ አይጻፍብኝ።»

«እግርህስ?» አለው ሻምበሉ፤ የሕክምናውን ወረቀት እያገላበጠ። «መኪና ወድቆበት ይላል። ወጥ ቤትም ሲያልፍ መኪና ሊወድቅበት ይችላል።»

«ከመኪናው ሥር ተኝቶ የሚያልፍ ወጥ ቤት እኔ አላየሁም።»

ፀሐይነሽ አሳላት፤ ሳል ግን አልነበረም። ሻምበሉ ተቆጣ። አብሮት ያገለገለና የራሱ መሰናበቻ ያለው ምስክር ካላመጣ ሁለተኛ እንዳይመጣ ነግሮ አስወጣው። በሩ ላይ ሲደርስም ጨመረበት፤ ያረደላቸውን እስላሞች ሰብስቦ እንዳይመጣ፣ እነሱ ስለበሉት ሥጋ ብቻ ነው የሚመሰክሩት አለው።

ሀምዱ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ጣይባ እንዲተወው ለመነችው። ምግብ ቤትም ቢሆን እንጀራ ነው፣ ሽጉጥ ካለበት ጠረጴዛ ፊት የሚከራከር ሰው ደግሞ የት እንደሚያድር አይታወቅም አለችው። እውነቷን ነው፤ ያን ዘመን ያየ ሰው አይፈርድባትም። እሱ ግን ድስት አጠገብ ቆሞ ጡረታ እንደማይወጣ ምሎ፣ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ቢያዝንን ሊጠይቀው።

ቢያዝን ነገሩን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰማ። የሚያሰጋው ነገር ነበረው፤ ምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ። ቢሆንም «ና፣ እንሂድ» ብሎ ከመኪናው ወረደ።

ሻምበል ስማቸው ክርስቲያን ምስክር ሲያይ ደስ አለው። ቢያዝን የሀምዱን እርድ ቀምሶ እንደሆነ ጠየቀው። ቢያዝን አንድም ቀን አልቀመስኩም፣ ማተብ ያሰርኩ ሰው ነኝ አለ። ከሀምዱ እጅ የተቀበለው መኪና ብቻ ነው፤ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን። ከክፍላቸው ግማሹ ያንን ሥጋ አይነካም፤ ሁሉም ግን ሀምዱ የጠገነውን መኪና ይነዳል። የግማሽ ክፍል አራጅ የሚባል መደብ በየትኛው ሠራዊት አለ ሲል ጠየቀ።

ሻምበሉ የዋዛ ሰው አልነበረም። «እሺ፣ የእናንተንስ በሬ ማን ነበር የሚያርደው?» አለ።

ቢያዝን የፈራው ይህን ነበር። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «በስመ አብ ብዬ አርድ ነበር፤ እሱ ቢስሚላህ ብሎ። ቢላዋችንን የምንስለው በአንድ የመሳያ ድንጋይ ነው።» ከኪሱ የራሱን መሰናበቻ አውጥቶ ሽጉጡ አጠገብ ዘረጋው። «የኔ ወረቀት ሹፌር ይላል። እሱ አራጅ ከሆነ እኔም አራጅ ነኝ።»

ሻምበሉ ወረቀቱን አነሳ። እንዲህ ከሆነማ የሁለቱንም እንደሚያስተካክል፣ ሹፌር የሚለውን እንደሚሰርዝ በቀስታ ነገረው። ሀምዱ ደነገጠ፤ የጓደኛውን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ጎተተው፤ ይቅርብኝ፣ ልጆች አሉህ አለው። ቢያዝን ክንዱን አስለቀቀ።

«ይጻፉልኝ፣ ጓድ ሻምበል» አለ። «ነገ ጠዋት ፋብሪካው ጥጥ የጫነውን መኪና በቢላዋ ይነዳዋል። ማን ነው አራጅ ያደረገህ ሲሉኝም የእርስዎን ስም እነግራቸዋለሁ።»

ሻምበሉ አንዱን ወረቀት ያያል፣ ሌላውን ያያል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሙያ፤ ከበላይ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም። በመጨረሻ ወደ ፀሐይነሽ ዞሮ ሀምዱ የሱፍ «መካኒክና ከብት አራጅ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ሁሉም ደስ የሚለው መስሎት ነው።

እኔ ብሆን አመስግኜ እሮጥ ነበር። ወላሂ እሮጥ ነበር። ፋብሪካው ከመካኒክ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሀምዱ ግን እጁን ጽሕፈት መኪናው ላይ አሳረፈ።

«አይሆንም» አለ። «ቢላዋው የኔና የጌታዬ ነው፤ የእናንተ ማኅተም አይረፍበት። መካኒክ ብላችሁ ጻፉ፣ ካልሆነ አሮጌውን መልሱልኝና ነገም እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።»

ሻምበሉ የሀምዱን ፊት ትኩር ብሎ አየ። ይህ ሰው እንደሚመጣ ገባው። የሚመጣ ሰው ደግሞ ከሚፎክር ሰው ይልቅ ያታክታል። ሽጉጡን አንስቶ ከመሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ለፀሐይነሽም በእጁ ምልክት ሰጣት። እሷ ትዕዛዙን ቀድማ አውቃው ነበር መሰለኝ፣ መካኒክ የሚለውን ብቻ መትታ ጨርሳለች።

የፋብሪካው ምዝገባ ሳይዘጋ ሀምዱ ተቀጠረ። ቁልቁለቱን ከቢያዝን ጋር ሲወርድ ወረቀቱን አውጥቶ እየደጋገመ ያነብ እንደነበር፣ ቢያዝንም በቃህ አሁን ሞተሩን ስማው፣ እየጮኸ ነው እንዳለው ሁለቱም ይናገራሉ።

ዐረፋ ሲደርስ የፋብሪካው እስላም ሠራተኞች ተዋጥተው በሬ ገዙ። ዙሪያውን ቆመው ማን ይረድልን ሲባባሉ ቢያዝን ከሩቅ ሆኖ በጣቱ ወደ ጋራዡ አመለከተ። ሀምዱ በቅባት የተበላ ቱታውን አውልቆ፣ ታጥቦ መጣ። ቢላዋውን ተቀበለ፣ በአውራ ጣቱ ስለቱን ሞከረ። ከዚያ ጎንበስ ከማለቱ በፊት ቀና ብሎ የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አያቸው።

«እስክርቢቶ የያዘ ሰው ካለ» አለ፣ «ከዚህ ይራቅልኝ።»