ለእትዬ ዘሐራ ብዬ ያስገባኋት ዳዮድ

ጦርነቱ እኛ ከተማ ሐይቅ በደረሰበት ሰሞን የሆነ ነው። ዛሬም ሬዲዮ ልፈታ ካቻቢቴ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ሥራዬ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ነው። ከጦርነቱ በፊት ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ሬዲዮናቸውን አምጥተው ሠራሁላቸው። ዓይናቸው ደከም ስላለ፣ የባትሪ ድንጋዩን ገልብጠው ከተው ያቃጥሉታል ብዬ ዳዮድ ጨመርኩበት። ዳዮድ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ሚጢጢ ዕቃ ናት። ድንጋዩ ከተገለበጠ ሬዲዮው ዝም ይላል እንጂ አይቃጠልም። ሥራዬን ሠርቼ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? ሰው እየሰማ «ይቺ እንደርስዎ ዓይኑ ለደከመ ናት፤ ቢገለብጡትም አይቃጠልም» ብዬ ተረብኳቸው።

ከዚያ መብራትም ስልክም ጠፋ። የእትዬ ዘሐራ ልጅ ደሴ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። መንገዱ መከፈቱን የሚሰሙት በዚያች ሬዲዮ ብቻ ነው። አዲስ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ያለቀውን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ደካማ ስለሆነ በዛ አድርገን ከውጭ በሽቦ እንቀጥል ነበር።

አንድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው በራፍ ተሰብስቦ፣ እኔ ባለሙያው ተጠራሁ። እየተጀነንኩ ድንጋዮቹን ደርድሬ በካርቶን ጠቀለልኩ፣ በላስቲክ አሰርኩ፣ ሽቦውን ቀጠልኩ። ሬዲዮው ጭጭ! ነካካሁት፣ በጥፊ መታሁት። ጭጭ!

ላብ አጠመቀኝ። «እትዬ፣ ተቃጥሏል» አልኩ።

«ያ ረቢ! ልጄ ጋ የሚወስደው መንገድ መከፈቱን በምን ልስማ?» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ድንገት ቀና አሉ። «ቆይማ! ያቺ ለእኔ ያስገባሃት ዕቃ እያለች ሬዲዮው አይቃጠልም አላልከኝም? ወይስ ገልባጩ አንተ ስትሆን አትሠራም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አስሬዋለሁ! ቀያየርኩት፤ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና ተናገረ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወዲያው ዜና ገባና የደሴ መንገድ መከፈቱ ተነገረ። ሳቁ ቆመ። እትዬ ዘሐራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሻርፓቸውን አጣፍተው ለመንገድ ሊሰናዱ ሲነሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አብሽር ልጄ፣ ዓይንህ ደክሞ ነው።»

ዛሬ ማንም ሬዲዮ ቢያመጣልኝ ሳይጠይቀኝ ዳዮድ እጨምርበታለሁ። «ይቺ ደግሞ ለማን ናት?» ሲሉኝ፣ «ለእኔ» እላለሁ።