የምዜ ቦሩ ላንድሮቨር ቀለም

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጆች ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት ቆሞ የኖረውን አሮጌ ላንድሮቨር ማደስ ይዘዋል። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ፣ ዝገት ይፍቃሉ። ትናንት ቀለም መቀባት ጀመሩ መሰለኝ፣ የቲነሩ ሽታ አጥሩን አልፎ ልብስ ወደማሰጣበት መጣ። ያጠብኩትን አንሶላ እንደያዝኩ ብዙ መቆሜን ያወቅኩት ውሃው እግሬ ላይ ሲንጠባጠብ ነው።

አባቴ መካኒክ ነበር። ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ በምንኖርበት በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለው ሕዝብ ግን ስሙን ትቶ «ፉንዲ» ይለው ነበር፣ ባለ እጅ እንደማለት። ጋራዥ አልነበረውም። የምንኖርበት ግቢ፣ አንድ ግራር፣ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሞተር የሚያነሳበት ሰንሰለት፣ በቃ ይኸው ነበር። እናቴ ልብስ የምታሰጣው በካምቢዮና በአሮጌ ጎማ መካከል ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ዓመት ቦሩ የሚባሉ የዳበል መንደር ሽማግሌ ላንድሮቨራቸውን በጭነት መኪና አስጎትተው አመጡ። ሽማግሌ ስለሆኑ ሁላችንም ምዜ ቦሩ እንላቸው ነበር። መኪናው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተገልብጦ ጣሪያው ተጨፍልቋል፣ አንደኛው በር ተነቅሏል።

«ፉንዲ፣ አንተ ሁሉን ቀይር» አሉት አባቴን። «ሰማያዊ ግን አትቀይር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ ዘመዶቻቸው ከብቶቹን ይዘው ራቅ ወዳለ ግጦሽ ሄደዋል። ምዜ ቦሩ ዱቄትና ውሃ የሚያደርሱላቸው በዚያ መኪና ነው። እረኞቹ ሰማያዊውን ከሩቅ ሲያዩ ወደ መንገድ ይወጣሉ። አረንጓዴ ካዩ ግን ወታደር መጣ ብለው ከብቶቹን ነድተው ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራሉ። ከክፉ ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። አንዴ ከተሰወሩ ደግሞ ቶሎ የሚያገኛቸው የለም።

ሁለት ወር ያህል ሠራን። አባቴ ሞተሩን በጆሮውና በጣቱ ፈትቶ ገጠመ። እኔ ዝገት ፋቅኩ፣ ስቱኮ ለቀለቅኩ፣ እሱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ግቢውን ውሃ እንረጨዋለን፣ ቀዩ አፈር ተነሥቶ ቀለሙ ላይ እንዳይለጠፍ። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ሻይና በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ስታቀርብልን «እኛ እየተጠማን መሬት ይጠጣል» ትል ነበር።

አባቴ ብሎን ሲወድቅበት በመዳፉ እየዳበሰ ሲፈልግ አይቻለሁ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ዓርብ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ በሩንና ኮፈኑን ቀብቶ ጨርሷል። ብሩሹን እየጠረገ በፈገግታ ጠበቀኝ።

«እስቲ እይው። የጥቅምት ሰማይ አይመስልም?»

አረንጓዴ ነበር። ሰማያዊውን ለማፍካት ነጭ መጨመር ሲገባው ቢጫውን ጨምሮበታል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ተከፍተው እግሩ ሥር ናቸው፤ ነጩ አልተነካም። ለእሱ ነጩና ቢጫው አንድ ሆነዋል።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ዓይኑ የፈዘዘበት መካኒክ ዘንድ ማን መኪና ያመጣል? ደግሞስ ልጅ አባቷን አታይም እንዴት ትለዋለች? ለእናቴ ነገርኳት። ወጥታ አየች፣ ተመልሳ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

«አንቺ ንገሪው» አልኳት።

«ሚስቱ ነኝ። ከእኔ ከሰማ አረጀህ ያልኩት ይመስለዋል።»

እሑድ አባቴ ድንበሩን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሰማያዊውን ከነጩ ጋር ቀላቅዬ መኪናው ላይ ከቀረው አሮጌ ቀለም ጋር እያስተያየሁ በሩንና ኮፈኑን ደግሜ ቀባሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ።

«በሰንበት?» አለች። ቆይታ ደግሞ «እንግዲህ እግዜር ያየዋል፤ አባትሽ አያየውም» ብላ ገባች።

አባቴ ሲመለስ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መኪናው ሄደ። የጨረሰውን ሥራ እንደ መሳም በመዳፉ የመዳበስ ልማድ ነበረው። መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፣ ቀለሙ ያዘው። ጣቶቹን አሸተተ።

«ይህ በር ትናንት ደርቆ አልነበረም?»

ቀለም የነካካውን እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ።

«እኔ የቀባሁት ምን ዓይነት ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«እንደ ወታደር?»

«እንደ ወታደር፣ አባባ።»

ጎማው ላይ ተቀመጠ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓይኔ መድከሙን ካወቅኩ ዓመት አልፎኛል። አንቺ ስላለሽ አልፈራሁም ነበር» አለኝ። «ዓርብ ጥሩ ነው አልሽኝ። ከእንግዲህ ጥሩ ነው ስትዪኝ በምን ልመንሽ?»



ማክሰኞ ምዜ ቦሩ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው መጡ። መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሩት፣ በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። «ፉንዲ፣ ሰማያዊው ያው ራሱ! እጅህ ይባረክ» አሉ። አባቴ አመሰግናለሁ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

«ሞተሩ የእኔ ነው» አለ። «ቀለሙ የእሷ ነው። እኔ ዓይኔ ትቶኛል።»

ጎረምሶቹ መሬት መሬት አዩ። ምዜ ቦሩ ግን በትራቸውን አንሥተው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እኔስ እግሬ ትቶኝ አይደል መኪና የማሳድስ? ሳዋ፣ ሳዋ፣ ደህና ነው። አንተ በልጅ እይ፣ እኔ በጎማ ልሂድ።»

አባቴ ሳቀ። ሦስት ቀን ሙሉ አልሳቀም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ፣ ዘመዶቻቸው ገና ከአቧራው ውስጥ ሰማያዊውን አይተው ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር እንደጠበቋቸው ነገሩን። ለእኔ ክዳኑ በታሰረ ዕቃ የግመል ወተት አመጡልኝ። ጭስ ጭስ የሚል ወተት ነው፤ እኔ አልወደውም፣ ያን ቀን ግን ጠጣሁት።

ውጤቴ መካከለኛ ሆነ፣ የትም አልወሰደኝም። እስካገባ ድረስ ስድስት ዓመት ከአባቴ ጋር ሠራሁ። ስለዚያ ዓርብ ደግሞ አንሥቶት አያውቅም። ሰው መኪና ማምጣቱንም አልተወም። ብቻ ስለ አንድ ቀለም ወይም ስለ አንድ ብየዳ ጠይቆኝ «ጥሩ ነው» ስለው ትንሽ ይጠብቅና «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳይጠይቀኝ ያለፈበት አንድም ጊዜ የለም። ያዘንኩለት መስሎኝ የወሰድኩበት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያች ጥያቄ ነው።

እሱ ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆነው። ሁለተኛ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ልጆቼ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ የልጅ ልጆቼ ደብተር ይዘው መጥተው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ መልሴ ስለሚዘገይ ደረቅ ናት ይሉኛል። ይበሉ። እስካሁንም መጀመሪያ ደህና አድርጌ አያለሁ፤ ከዚያ ነው የምናገረው።