ያው ነው ያልሁት ማሽን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ፤ ስለ መኪና ቀለም ለቄስ ምን ይወራል ብዬ ራሴን አታለልሁ። የቀለም ነገር ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር ቆቦ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች የኒም ዛፍ ስር መኪና እናጥብ ነበር። ዛሬም ያን ጊዜ ሳስብ ደስ የሚለኝ ማለዳው ነው። የቆላው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ቆርቆሮ በእጅ አይነካምና ገና ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን። ከሮቢት የሚመጡት ሚኒባሶች አቧራ ለብሰው ይደርሳሉ። ሰይድ ውሃውን ከጣሪያው ላይ ይለቅና መኪናዋን «አብሽሪ የኔ እመቤት፣ ዋጃ ስትደርሺ እናትሽም አትለይሽ!» ይላታል። ሹፌሩ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ደንበኛ የሚመጣው ለሱ ጨዋታ ነበር። የኔ ነገር ቀለም ነበር። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ በተጣለ የመኪና በር ላይ እየሞከርሁ ብቻዬን ተማርሁት።

የተጫረ ቀለም ወደ ወዙ መመለስ ስንጀምር በእጅ መፈተግ አላዋጣን አለ። ቀለም እየፈተገ የሚወለውል ማሽን ልንገዛ ወልድያ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበረ። አንደኛው በያዘው ቦታ ብቻ ይሽከረከራል፤ ጭረቱን ቶሎ ያጠፋል፤ ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ያከማቻል፣ ለአፍታ ከዘነጉት ቀለሙን ያቃጥላል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ ይወዛወዛል። ሥራው ይዘገያል፤ አጥብቀው ሲጫኑት ግን መዞሩን ይተዋል እንጂ በቀላሉ ቀለም አይልጥም። ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው፤ ለቆቦ ሙቀትም እሱ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ሰይድ የሚወዛወዘውን አንስቶ በመዳፉ መዘነው። «ይቺ እጅ ላይ ትመቻለች። ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ያው ነው» አልሁት። «ያኛው ይፈጥናል።»

ለምን አልሁት? ፍጥነት ፈልጌ ነው ስል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው። በሚወዛወዘው ማሽን ሰይድም ብዙ ሳይቆይ እንደኔ ይሠራ ነበር። ጨዋታው የሱ፣ ደንበኛው የሱ፤ እጁም እንደኔ ከሆነ ለኔ ምን ሊቀረኝ? እኔ ብቻ የምገራው ማሽን ፈለግሁ። እኔ መረጥሁት። ከዚያም ብሶ፣ ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ እንደሆነ፣ ሳይጀመር በወረቀት ፕላስተር መሸፈን እንዳለበት አልነገርሁትም። ስሸፍን አይቶ ሲጠይቀኝ «እንዳይቆሽሽ ነው» አልሁት።

በጥር፣ በሠርግ ሰሞን፣ ጋሽ ፈንታው የሚባሉ የከተማችን ሰው ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላቸውን ለልጃቸው ሠርግ አሳምሩልኝ ብለው አመጡ። ረፍዷል፤ ኮፈኑ ግሏል። እስኪበርድ እንጠብቅ ማለት የኔ ፋንታ ነበር። አላልሁም። በሮቹን ጨርሼ እጄ ሲዝል ማሽኑን ለሰይድ ሰጥቼው ውሃ ልቀዳ ሄድሁ። የኮፈኑን ጠርዝ አልሸፈንሁለትም። ስመለስ የተቃጠለው ቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊው ተልጦ ከስሩ ያለው ግራጫ ወጥቷል።

«የማን እጅ ነው?» አሉ ጋሽ ፈንታው።

«የኔ ነው ጋሼ» አለ ሰይድ። ወደኔ እንኳ አላየም።

እኔስ ምን አልሁ? «ቀስ በል ብዬው ነበር» አልሁ። አላልሁትም። አንድም ቀን ቀስ በል ብዬው አላውቅም። ሰይድ ይህን ሰምቶ አንገቱን ደፋ፤ ምናልባት ብሎኝ ረስቼው ይሆናል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በኔ ያን ያህል ያምን ነበር።

ጋሽ ፈንታው የሠርጉን አበባ በተላጠው ላይ አስረው ሄዱ። ወሬውን ግን አበባ አልሸፈነውም። ሹፌሮቹ ሲያዩት «ኧረ ሰይድ እንዳይነካት፣ ትላጣለች!» እያሉ ይተርቡት ጀመር። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። ኋላ ግን ማሽኑ ሲነሳ ወደ ባልዲው የሚሸሽ ሆነ። «የኔ እጅ አይሆንም፣ አንተ ያዘው» ይለኛል። እኔም እይዘው ነበር። ደግሞም ደስ እያለኝ። ክረምቱ ሳይገባ ሽንኩርት ሊያለማ ዋጃ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ፤ ከኒሟ ስር ሳቅ ጠፋ።

ሰሞኑን ደወለልኝ። ሊያገባ ነው። የሙሽራ መኪናውን እኔ እንዳሳምርለት ፈለገ።

«አብረን እንሥራት እንጂ» አልሁት።

«ተው አንተዬ!» ብሎ ሳቀ። «የኔን እጅ ታውቀው የለ? በሠርጌ ቀን መኪናዬን ልታስልጠኝ ነው?»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ቀለም ተቀብቶ ይመለሳል። ሰው በገዛ እጁ ላይ ያጣውን እምነት በምን ይመልሱታል? ዋጃ ሄጄ፣ ሽንኩርቱ መሃል ቁሜ እነግረዋለሁ። ልጅ ነበርሁ አልለውም። አላወቅሁም አልለውም፤ አውቅ ነበር። ሠርጉ ላይ አትድረስብኝ ቢለኝም እውነት አለው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እናንተ ይቅር አትበሉኝ፤ የተበደለው እናንተ አይደላችሁም። ሰይድን ካገኛችሁት ግን፣ ከኔ ቀድማችሁም ቢሆን፣ ይህን ንገሩት፦ እጁ ምንም አላጠፋም።